የቬርሳይ ምሽት ከልጆች ጋር፦ ከእራቱ እስከ ርችቱ፣ ከርችቱ እስከ ባቡሩ

መጀመሪያ ቬርሳይን፣ ፓሪስ አጠገብ ያለውን የፈረንሳይ ነገሥታት ቤተ መንግሥት፣ በምሽት ለማየት የሄድን ዕለት ርችቱን ሳናይ ተመለስን። ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ገብተን ቤተ መንግሥቱን ክፍል በክፍል አዳረስን፤ ከሰዓት በኋላ ከተማዋን ስንዞር ዋልን፤ መሸት ሲል የልጆቹ እግር ዝሏል፣ ርቧቸዋል፣ በርዷቸዋል። ትንሿ ማልቀስ ስትጀምር ሁላችንም ተያይዘን ወጣን። ባቡር ጣቢያው በር ላይ ስንደርስ ከኋላችን ርችቱ መተኮስ ጀመረ። ታላቅየው ልጃችን ቆም ብሎ ወደ ኋላ ያየው አስተያየት እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም።

በዓመቱ ተመልሰን ሄድን፤ ያን ጊዜ አማረልን። ዕቅዱን ከመጨረሻው ጀምረን ወደ ኋላ ሠራነው፦ መጀመሪያ የመመለሻውን ባቡር፣ ከዚያ ርችቱን፣ ከዚያ የሚጨልምበትን ሰዓት፣ ከዚያ እራቱን፣ በመጨረሻ የልጆቹን የቀን እንቅልፍ። ይህንን መመሪያ የጻፍኩት ፓሪስ ለምትኖሩም፣ ከሌላ የአውሮፓ ከተማ ወይም ከአገር ቤት ልጆች ይዛችሁ ለምትመጡም ነው። የታሪክ ዓመቶቹና ቀኖቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የጉብኝቱ ወሮች ግን በእኛ።

ቅዳሜውን መምረጥ

ቤተ መንግሥቱ ከፓሪስ በስተ ደቡብ ምዕራብ ነው። ከሰኔ መጀመሪያ ገደማ እስከ መስከረም መጀመሪያ ባሉት ቅዳሜ ምሽቶች የአትክልቱ ስፍራ ፋውንቴኖች በሙዚቃና በመብራት ይከፈታሉ፤ ማሳረጊያው ርችት ነው። በእኛ ክረምት፣ በእነሱ በጋ ማለት ነው።

ከልጆች ጋር የሚሄድ ሰው መጀመሪያ ሊያስብ የሚገባው ፀሐይ የምትጠልቅበትን ሰዓት ነው። በሰኔ አጋማሽ ፓሪስ ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 4 ሰዓት ሊሆን ሲል ነው። ፋውንቴኖቹ 2፡30 ላይ ተከፍተው ለአንድ ሰዓት ተኩል ያህል መብራቱ አይታይም፤ ሲጨልምም ትንንሾቹ ጉልበታቸውን ጨርሰዋል። በነሐሴ አጋማሽ ግን 3 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች፤ ጳጉሜን አካባቢ 2፡30 ላይ። ስለዚህ ከስምንት ዓመት በታች ልጅ ካላችሁ ከነሐሴ ሁለተኛ አጋማሽ ጀምሮ ያሉትን ቅዳሜዎች ምረጡ። ፍልሰታም በ16 ስለሚፈታ የእራቱ ነገር ይቀልላችኋል። እሑድ ማለዳ ቅዳሴ ለምትሄዱ ደግሞ አስቀድማችሁ እወቁት፤ ቤት የምትገቡት ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው።

ትኬቱና ሰዓቱ

በተራ ቀን አትክልቱን ለማየት አይከፈልም፤ የፋውንቴን ትርዒት ባለበት ቀንና ምሽት ግን ይከፈላል። የቤተ መንግሥቱ የቀን ትኬት የምሽቱን አይጨምርም። ሁለቱንም ካሰባችሁ ሁለት ትኬት ትገዛላችሁ ማለት ነው። ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ቤተ መንግሥቱን በነፃ ይገባሉ፤ ለምሽቱ ትርዒት ነፃ የሚገቡት ከ6 ዓመት በታች ያሉት ናቸው፣ ከዚያ በላይ ያሉት በቅናሽ። ዋጋውና የቅዳሜዎቹ ዝርዝር በየዓመቱ ስለሚለወጥ ከራሱ ከቤተ መንግሥቱ ድረ ገጽ ላይ ግዙ። የቤተ መንግሥቱ ትኬት የመግቢያ ሰዓት አለው፤ ከተቻለ ከ9፡30 እስከ 10 ሰዓት ባለው መሃል ያዙ።

ስለ ሰዓቱ አንድ ነገር። ፈረንሳዮች በ24 ሰዓት ነው የሚጽፉት። ትኬቱ ላይ 15፡30 ካለ 6 ቀንሱ፣ 9፡30 ነው። 20፡30 ካለ 18 ቀንሱ፣ ከምሽቱ 2፡30 ነው። ከአገር ቤት የመጣች አክስታችን ስልኳን በእኛ አቆጣጠር ይዛ ስለነበር ስንቀጣጠር እንደተግባባን አስበን፣ እሷ ግን ሌላ ሰዓት ይዛ ሆቴሏ ቁጭ ብላ ጠብቃናለች። ከዚያ ወዲህ ቀጠሮ ስንጽፍ ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን እናደርጋለን።

መንገዱ

ቬርሳይ ለቤተ መንግሥቱ የሚያገለግሉ ሦስት ባቡር ጣቢያዎች አሏት፤ ሦስቱንም ማወቅ ያስፈልጋል። ለቤተ መንግሥቱ የሚቀርበው ቬርሳይ ሻቶ ሪቭ ጎሽ ነው። ፓሪስን ከዳርቻዋ የሚያገናኘው የኤር-ኧ-ኤር ሴ (RER C) ባቡር ያደርሳችኋል፣ ከጣቢያው በእግር 10 ደቂቃ ነው። ችግሩ ይህ መስመር በእነሱ በጋ ወራት በፓሪስ መሃል ለጥገና ብዙ ጊዜ ይቋረጣል፤ ምሽቱም የሚሆነው በእነዚያው ወራት ነው። ሁለተኛው ፓሪስ ካለው ከሞንፓርናስ ጣቢያ ተነሥቶ ቬርሳይ ሻንቲየ የሚያደርሰው፣ ሦስተኛው እዚያው ፓሪስ ካለው ከሴን ላዛር ጣቢያ ተነሥቶ ቬርሳይ ሪቭ ድርዋት የሚያደርሰው ነው። ከሁለቱም በልጅ እርምጃ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ያዙ።

ከጥር 2025 (በፈረንጆቹ) ጀምሮ በፓሪስና በዙሪያዋ ባለው ክልል ለሜትሮና ለባቡር አንድ ወጥ ትኬት አለ፤ በዚያ ዓመት ዋጋው 2.50 ዩሮ ነበር። የአውቶቡስ ትኬት የተለየ ነውና ለባቡር አይሠራም። ትኬት የሚጫንበት ካርድ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ አንድ ያስፈልጋል፣ ለሁለት ሰው አንድ ካርድ መንካት አይቻልም። ከ4 ዓመት በታች ያለ ልጅ አይከፍልም። የመመለሻውንም ትኬት ጠዋቱኑ ጫኑት፤ ማታ ርችቱ ሲያልቅ ማሽኑ ፊት የሚቆመው ሰልፍ ረጅም ነው።

ሻንጣው ውስጥ

የምንይዘውን ስነግራችሁ አትሳቁ፤ ጋቢ። ሁለት ጋቢ። ቀን 30 ዲግሪ የነበረ ቦታ ማታ ከኩሬዎቹ ዳር ይቀዘቅዛል፣ ልጅም ተጠቅልሎበት ይተኛል። የሕፃን ጋሪ አትክልቱ ውስጥ ይሄዳል፤ መንገዱ ግን ጠጠርና ቁልቁለት ነው፣ በጨለማ ደረጃ ላይ ተሸክሞ መውጣትም አለ። እኛ ጋሪውን ትተን አንቀልባ ይዘን ሄድን፤ ነፍሴን ነው ያሳረፋት። ሹራብ፣ የተሸፈነ ጫማ፣ ውኃ፣ ፓወር ባንክ፣ ርችት ለሚያስፈራው ልጅ የጆሮ መከላከያ፣ ዳቦ ቆሎ። ትልቅ ሻንጣ ወደ ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ስለማይገባ ሁሉም በሁለት የጀርባ ቦርሳ እንዲያልቅ አድርጉ።

በዕለቱ ጠዋት ምንም አትያዙ። ልጆቹ ምሳ በልተው እስከ 8 ሰዓት ይተኙ። የመጀመሪያው ዓመት ስህተታችን እዚህ ነበር።

ቤተ መንግሥቱ፣ በአንድ ሰዓት ተኩል

ሉዊ 13ኛ በ1623 ለአደን ማረፊያ የሠራት ትንሽ ቤት ናት የዚህ ሁሉ መነሻ። ልጁ ሉዊ 14ኛ አስፋፍቶ፣ በግንቦት 1682 መንግሥቱንና መኳንንቱን ጠቅልሎ ከፓሪስ አመጣ። ክፍሎቹን ሁሉ ለማየት ብትሞክሩ ልጆቹ አራተኛው ወርቃማ ጣሪያ ላይ ይሰለቻሉ። በቀጥታ ወደ መስታወቱ አዳራሽ ሂዱ፤ ሌላውን መንገድ ላይ እያያችሁ ማለፍ ይበቃል።

አዳራሹ 73 ሜትር ይረዝማል፤ 17 መስኮቶች ከ17 ቅስቶች ጋር ይተያያሉ፣ ቅስቶቹም ላይ 357 መስታወቶች አሉ። በጊዜው መስታወት ከባድ ቅንጦት ነበር። ልጆቹን አዳራሹ መሃል አቁሙና አንድ ታሪክ ንገሯቸው፦ አንደኛውን የዓለም ጦርነት የዘጋው ስምምነት እዚህ ክፍል ውስጥ ሰኔ 28 ቀን 1919 ተፈረመ። የስምምነቱ የመጀመሪያ ክፍል የመንግሥታቱን ማኅበር ያቋቋመው ቃል ኪዳን ነው። ኢትዮጵያ በ1923 አባል የሆነችበት፣ ጃንሆይ በሰኔ 1936 ጄኔቭ ላይ ቆመው ስለ ጣልያን ወረራ የተሟገቱበት ማኅበር ማለት ነው። ልጄ «ታዲያ ለምን አልረዱንም?» ብሎ ጠየቀኝ። መልሱ ባቡር ድረስ ወሰደን።

ከመስኮቱ ወደ አትክልቱ ተመልከቱ፤ ማታ የምትሄዱበት መንገድ ከዚያ ይታያል። ከዚያ ውጡ።

እራት በስዊሶቹ ኩሬ

አትክልቱ ውስጥ ምግብ ዘርግቶ መብላት አይፈቀድም። ከቤተ መንግሥቱ በስተ ደቡብ ግን የስዊሶች ኩሬ የሚባል ሰፊ ውኃ አለ፤ ዳሩ ሣር ነው፣ መግቢያ አይከፈልበትም፣ መብላትም ይቻላል። ረግረግ የነበረውን ቦታ ከ1679 ጀምረው የቆፈሩት የንጉሡ የስዊስ ወታደሮች ናቸው፣ ስሙም ከዚያ መጣ። ከግቢው ወጥታችሁ በእግር 10 ደቂቃ ያህል ትሄዳላችሁ።

ጾም ከሆነ የሱፍ ፍትፍትን የሚያህል የለም፤ ቀዝቃዛ ስለሆነ ማሞቅ አይፈልግም፣ ክዳኑ የሚጠብቅ ዕቃ ብቻ ምረጡለት። ካልሆነ ጥብስ በእንጀራ ተጠቅልሎ ለልጅ እጅ ይመቻል። ከበላችሁ በኋላ ሣሩ ላይ ተንከባለሉ፣ ልጆቹም ይሩጡ። ፊት ለፊታችሁ የብርቱካን ዛፎቹ ቤት ይታያል፤ ግራና ቀኙ መቶ መቶ ደረጃ ያላቸው መውጫዎች ናቸው። ከሺህ በላይ ዛፎች በእንጨት ሣጥን ተተክለው የብርዱን ወራት ውስጥ ያሳልፋሉ፣ ከግንቦት አጋማሽ እስከ ጥቅምት አጋማሽ (በፈረንጆቹ) ወደ ውጭ ይወጣሉ። ስለዚህ በናንተ ምሽት ውጭ ናቸው።

2 ሰዓት ሲል ተነሡ። ከመግባታችሁ በፊት ሁሉንም ልጆች ሽንት ቤት ውሰዱ፤ «አልመጣብኝም» የሚለውንም ጭምር።

አትክልቱ ውስጥ፦ አምስት ውኃ ይበቃል

ሉዊ 14ኛ አትክልቱ በምን ቅደም ተከተል መታየት እንዳለበት በራሱ እጅ መመሪያ ጽፏል፤ የመጀመሪያው በ1689 ነው። ከቤተ መንግሥቱ በስተ ጀርባ ባለው ሰገነት ላይ ወጥቶ ቆሞ ከማየት ይጀምራል። እናንተም ከዚያው ጀምሩ። ሰው ሁሉ ሮጦ ሲወርድ እናንተ አምስት ደቂቃ ቁሙ። ደረጃው፣ ረጅሙ ሣር፣ ከሱ ማዶ 1,670 ሜትር የሚረዝመው ቦይ፣ ሁሉም በአንድ መስመር ላይ ነው። ይህን መስመር የዘረጋው አንድሬ ለ ኖትር የአትክልተኛ ልጅ፣ የአትክልተኛም የልጅ ልጅ ነበር።

እዚህ ቆመን ለልጆቹ የጎንደርን ነገር አነሣንላቸው። የሉዊ መንግሥት እዚህ በገባበት በዚያው በ1682 ጎንደር ላይ አዲያም ሰገድ ኢያሱ ነገሠ። በ1699 ፖንሴ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ንጉሡን ሊያክም ጎንደር ድረስ ሄዶ ነበር። በኋላ ሉዊ ወደ ኢያሱ የላከው መልእክተኛ ግን በ1705 ሱዳን ውስጥ ሴናር ላይ ተገደለ፣ አልደረሰም። ልጆቹ የፋሲልን መዋኛ በጥምቀት ቪዲዮ ስለሚያውቁት «እዚያም ውኃ በቦይ ነው የሚመጣው» አሉኝ፤ እውነታቸውን ነው፣ ከቀሃ ወንዝ።

ከዚያ ደረጃውን ውረዱ። የመጀመሪያው ውኃ ላቶና ነው፣ ለልጅ ከሁሉ የሚበልጠው። ላቶና የአፖሎና የዲያና እናት ናት፤ ልጆቿን ይዛ ተጠምታ ውኃ ስትለምን ገበሬዎቹ አደፍርሰው ከለከሏት፣ እነሱም እንቁራሪት ሆኑ ይላል ተረቱ። ዙሪያውን ተመልከቱ፤ ግማሹ ሰው፣ ግማሹ እንቁራሪት የሆነ አለ፣ ሙሉ በሙሉ የተለወጠም አለ፣ ከአፋቸውም ውኃ ይተፋሉ። ልጆቹ እንቁራሪቶቹን ይቁጠሩ። እኛ ዘንድ ሦስቱም የተለያየ ቁጥር አምጥተው እስከ ማግስቱ ተከራክረዋል።

ከላቶና ወደ ግራ ታጠፉና የዳንስ አዳራሹን ፈልጉ። በ1680ዎቹ መጀመሪያ የተሠራ፣ ጣሪያ የሌለው አዳራሽ ነው፤ ተመልካች የሚቀመጥበት ሣር የለበሰ ደረጃ አለው። ውኃው በደረጃ በደረጃ ዛጎልና ሻካራ ድንጋይ ላይ ይወርዳል፤ ዛጎሎቹ ከአፍሪካ ዳርቻና ከማዳጋስካር የመጡ ናቸው። ከሁሉም ይልቅ እዚህ ቁጭ ማለት ይቻላል። ሕፃን የምታጠባ እናት ብትኖር ቦታዋ ይህ ነው።

ወደ ታች ስትቀጥሉ በዚያው በግራ በኩል የእምነ በረድ ምሰሶዎች በክብ የቆሙበት ቦታ አለ። ብዙ አትቆዩ፣ ግን አንድ ጊዜ መሃሉ ላይ ቆማችሁ ዙሩ። በጨለማ ውስጥ ሲበራ አባቴ ዝም ያለበት ብቸኛው ቦታ ነው።

ሣሩ ጫፍ ላይ አፖሎ በአራት ፈረስ ሠረገላውን ይዞ ከውኃ ይወጣል። ሉዊ ፀሐይን የራሱ ምልክት አድርጎ ስለነበር ይህ የእሱም ሥዕል ነው። ከዚያ በስተ ቀኝ ወዳለው ዛፍ ግቡና ኤንሴላዱስን ፈልጉ። ሰማይ ለመውጣት ድንጋይ ሲከምር በራሱ ድንጋይ የተቀበረ ግዙፍ ሰው ነው፤ ፊቱና እጁ ብቻ ይታያሉ፣ ከአፉ የሚወጣው ውኃ 25 ሜትር ይደርሳል። ትንንሽ ልጆች ሊፈሩ ይችላሉ። አስቀድማችሁ «ሐውልት ነው፣ ይጮኻል እንጂ አይነሣም» በሏቸው።

ሌሎች ውኃዎች አሉ፣ በካርታው ላይ ታዩአቸዋላችሁ። ተዉአቸው። ይህ ዙር ብቻውን ከሁለት ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ መመለሻውም ዳገት ነው።

ልጆቹ ሲጠይቁ፦ ውኃውን ማን ይከፍተዋል?

ይህን መልስ ይዛችሁ ሂዱ፣ መጠየቃቸው አይቀርም። ፋውንቴኖቹ የሚፈነጥቁት በውኃ ክብደት ነው። ውኃው ከፍ ባለ ቦታ በተሠሩ ማጠራቀሚያዎች ይከማቻል፣ በቧንቧ ሲወርድ ባለው ግፊት ይፈነጥቃል። ከንጉሡ ዘመን የቀሩ ቧንቧዎች ዛሬም ይሠራሉ፤ ቁልፎቹንም የሚከፍቱና የሚዘጉ ባለሙያዎች አሉ። ያገለገለው ውኃ ወደ ቦዩ ይወርድና ተመልሶ ወደ ላይ ይሳባል።

በሉዊ ጊዜ ውኃው ሁሉንም አንድ ላይ አይበቃም ነበር። ንጉሡ ሲቃረብ የውኃ ሠራተኞቹ እርስ በርስ በፉጨት ይጠራሩና ከፊቱ ያለውን ከፍተው ከኋላው ያለውን ይዘጉ ነበር። ውኃ ለመጨመር በ1684 ሴን ወንዝ ላይ ማርሊ በተባለ ቦታ 14 መንኮራኩርና ከ200 በላይ ፓምፕ ያለው መሣሪያ ተተከለ፤ ውኃውን ከ150 ሜትር በላይ ሽቅብ ይገፋ ነበር። ያም አልበቃ ብሎ የኤውር ወንዝን ጠልፎ ለማምጣት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወታደሮች ቁፋሮ ላይ ተሰማሩ። በሽታ ብዙዎቹን ጨረሰ፣ በ1688 ጦርነት ሲነሣ ሥራው ቆመ፤ የተጀመረው የድንጋይ ድልድይ ፍርስራሽ ዛሬም ማንትኖን ላይ ቆሟል። ይህንንም ለትልልቆቹ ልጆች ንገሯቸው። ውበቱን ያየ ልጅ የተከፈለበትንም ቢያውቅ እወዳለሁ።

ርችቱና መውጫው

ርችቱ በቅርብ ዓመታት ከምሽቱ 4፡50 ላይ ነው የሚጀምረው፤ ሩብ ሰዓት ያህል ይቆያል። የሚተኮሰው በታች በቦዩ አቅጣጫ ስለሆነ ብዙ ሰው ወደዚያው ይወርዳል። ልጅ የያዘ ሰው አይውረድ። 4፡30 ሲል ከላቶና በላይ ባሉት ደረጃዎች ላይ ቦታ ያዙ። ከላይ ሆናችሁ በደንብ ታያላችሁ፣ ከመውጫው በርም ቅርብ ናችሁ። ርችቱ ሲያልቅ ታች የቆመው ሕዝብ ዳገቱን ገና ሲጀምር እናንተ ግቢውን ትሻገራላችሁ። ጋቢውን አሁን አውጡት። የጆሮ መከላከያውንም።

ከአንድ ዓመት በታች ሕፃን ካለ ሁለት ሁኑ፤ አንዱ ወላጅ ሕፃኑን ይዞ 4፡40 ላይ ቀድሞ ወደ በሩ ይሂድ። የምትገናኙበትን ቦታ ብርሃን ሳለ ምረጡ። እኛ የምንገናኘው ከግቢው ፊት ባለው የንጉሡ የፈረስ ሐውልት ሥር ነው፤ በጨለማም አይጠፋም። ትልልቆቹ ልጆች ኪስ ውስጥ የስልክ ቁጥራችሁን ጽፋችሁ አስቀምጡ።

ከበሩ ሪቭ ጎሽ ጣቢያ 10 ደቂቃ ነው፣ በእንቅልፋም ልጅ 20። በዕለቱ ከሰዓት በኋላ፣ ከምሽቱ 5፡30 በኋላ የሚነሡ ሁለት ባቡሮችን ከነመስመራቸው ወረቀት ላይ ጻፉ፤ አንዱ ከሪቭ ጎሽ፣ ሌላው ከሻንቲየ ወይም ከሪቭ ድርዋት ይሁን። ስልክ ያን ሰዓት ባትሪው ያልቃል፣ የመስመሩም ነገር አይታመንም።

እኛ ባለፈው ነሐሴ ሁለተኛውን ባቡር ያዝን። ትንሿ አንቀልባው ውስጥ ከነጋቢዋ ተኝታለች፣ መካከለኛዋ ጫማዋን አውልቃ ጠጠሩን ወለሉ ላይ ታራግፋለች። ታላቅየው መስኮቱ ላይ ተደግፎ ቆየና፣ «አሁን ሁሉንም እየዘጉት ነው አይደል?» አለኝ። አዎ አልኩት፣ በየቁልፉ እየዞሩ።